ከእንጦስ እስከ ደቅ

«ኧረ አልቅሺ! ሰው ምን ይላል?» አለች ጎረቤቷ የብርጓል፣ የማንጠግቦሽን ጉልበት በክርኗ እየጎሸመች።

ማንጠግቦሽ አላለቀሰችም። ከዳሱ ምሰሶ ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬቱን ታያለች። ባሏ ትናንት የተቀበረባት ሳይሆን ገበያ ወጥታ በግ ሸጣ ዋጋው ያልጣማት ሴት ነው የምትመስለው። ፊቷን አልነጨች፣ ደረቷን አልደቃች። የአማኑኤል አገር ሰው እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቶ አያውቅም። ለቀስተኛው ሁሉ እየመጣ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል፤ እሷም ጥርሷን ነክሳ አንገቷን ትነቀንቃለች።

አንሙት ከወንዶቹ ረድፍ መጨረሻ፣ ውሻና ነፋስ ከሚገባበት ከዳሱ አፍ ላይ ሆኖ እህቱን ያያል። ቦታው ድሮም ያው ነበር። ሰርግም ይሁን ተዝካር፣ ታላቅ ወንድማቸው እንዳላማው ከላይ ነው፣ እሱ ከታች። አባታቸው ሲሞቱ በሬውም መሬቱም ለእንዳላማው ሆነ፤ ለአንሙት ምርቃት ተረፈው። ዜማ ቤት ገብቶም መምህሩ በጓደኞቹ ፊት «ይህን ድምፅ ለከብት ጠብቅበት» ስላሉት ከዳዊት ሳያልፍ ወጣ። ሌላው ቢረሳው እሱ አልረሳውም። ጣሊያን ሲገባ ደግሞ እንዳላማው ሹም ተደረገ፤ ጫማ አጠለቀ፤ ሁለት ነፍጠኛ አስከተለ። ያለ እሱ ፈቃድ የይለፍ ወረቀት አይገኝም። ያለ ይለፍ ከወረዳው የወጣ ሰው ደግሞ ከአርበኛ ተቆጥሮ ይሰቀላል።

ከሴቶቹ በኩል ስለ ሟቹ ሹክሹክታ ይመጣል።

«ቡሉኮ ጠቅልሎ ሲሄድ በዓይኔ በብረቱ አይቸዋለሁ።»

«ሲመለስስ?»

«ባዶ ትከሻውን! ንዳድ እያንቀጠቀጠው። ለማን እንዳለበሰው እንግዲህ የደቅ ሴቶች ይወቁት።»

«የውሃ ዳር ሰው ድሮም ሚስቱ ሁለት ናት። አንዷ ስትረጥብበት በደረቋ ይገባል።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሳቁ። ማንጠግቦሽ ሰምታለች፤ ጆሮዋ ሥር ያለው ደም ሥር ሲነሣ አንሙት አየው።

ቡሉኮው የአንሙት ነበር።

ሟቹ ፍሥሐ የጣና ሰው ነው፤ የደቅ ደሴት ልጅ። ለቅኔ ትምህርት ጎጃምን ዞሮ ዞሮ አማኑኤል ሲደርስ ማንጠግቦሽን አየና ቅኔውን ትቶ ገበሬ ሆነ። እንዳላማው «ዓሣ በሊታ» እያለ ቢንቀውም ፍሥሐ አይቀየምም ነበር። አንሙትን ከልቡ ያናገረው ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ጤፍ ተወቅቶ በገባ ማግሥት፣ በእበት የተለቀለቀው አውድማ ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው፣ ፍሥሐ ድንጋይ እየለቀመ ደረደረ።

«አውድማው ጣና ነው በለው» አለ። «ይህ ባሕር ዳር። ይህ ክብራን፣ አጠገቡ እንጦስ። ይህ የዘጌ ዳር። ያ ትልቁ ደቅ፣ እናቴ ያለችበት። ከጎኑ ዳጋ።»

«ጣሊያኑስ?»

«ደቅ አንድ ጊዜ በጀልባ መጥቶ እንቁላልና ዶሮ ሰብስቦ ሄደ አሉ። እንደዚህ ጎህ ሲቀድ ሰው እየቆጠረ፣ ማታ እየቆጠረ አያሳድርም።»

ከዚያ ወደ ደቅ የሚያመልጡበትን መንገድ ያወጡ ጀመር። ታንኳ ከደንገል ሣር ነው የሚታሰር፤ ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። የዋለበትን ውሃ ፀሐይ ካላወጣለት በማግሥቱ እንደ ከሳ በሬ እየተኛ ያስቸግራል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማዕበል ይነሣል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እየሄዱ፣ ቀትር ሳያልፍ ከዳር ደርሰው፣ ታንኳውን ድንጋይ ላይ አስጥተው ማደር አለባቸው። ብልሃቱ ሁሉ ማደሪያውን መምረጡ ላይ ነው።

አንሙት ክብራንን በጣቱ ነካ። «አንተ እንደምትለው ከሆነ ከነፋስ የሚከልለው ይህ ነው። ምን ሲባል እንጦስ እናድራለን?»

«ክብራን የወንድ ገዳም ነው። ሴት ወደ ደሴቱ አያወጣም።»

«ሴት ከየት መጣች?»

ፍሥሐ ቀና ብሎ አየው። «እህትህን ለማን ጥያት ልሄድ ነው?»

«እሷ ወንዝ ስትሻገር እንኳ ዓይኗን ትጨፍናለች እኮ።»

«መሃል እናስቀምጣታለን። መሃል ላይ ያለ ሰው ውሃውን ብዙም አያየው።» ዳጋንም በጣቱ አሽቀንጥሮ ወደ ጎን ገፋው። «ይህም ሴት አያወጣም።»

የሸራውን ሐሳብ ያመጣው ጨዋታ ነበር። ፍሥሐ ባሕር ዳር ላይ አንድ ፈረንጅ በሸራ ሲንሸራሸር አይቶ ኖሯል፤ ቀዘፋ የለ፣ ላብ የለ። እኛስ ታንኳችን ላይ አንድ ቀጭን ምሰሶ ብናቆም ነፋሱ ይጠላናል ወይ አለ። አቡጀዲ ግን ከየት ይምጣ? አንሙት ቡሉኮውን ከትከሻው አውርዶ ሰጠው። ከተወለደ ጀምሮ ከእሱ እጅ የሚጠቅም ነገር ይገኛል ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ለእሷ መቼ እንነግራታለን?»

«የምንነሣ ቀን። ማንጠግቦሽ ፊቷ ምሥጢር አይችልም፤ እንዳላማው አንዴ ካያት አለቀልን።»

ፍሥሐ ታንኳውን ሊያሳስር ሰው በማይሄድበት ጫካ ለጫካ ወደ ጣና ወረደ። «ታሰረ፣ ተሰፋ» ብሎም በመንገደኛ ለአንሙት ላከበት። ሊወስዳቸው ሲመለስ ግን የቆላው ንዳድ አብሮት መጣ። ቤቱ ሲገባ ምላሱ ታስሮ ነበር፤ የሚስቱን እጅ ይዞ ያያታል እንጂ አንድ ቃል ሳይወጣው ሞተ።

አሁን እውነቱን የሚያውቀው አንሙት ብቻ ነው። ለእህቱ እንዳይነግራት ደግሞ የለቅሶ ቤት ሴት ብቻዋን አትተውም፤ ግራና ቀኝ ሴቶች፣ ፊት ለፊት እንዳላማው። አንዴ ውሃ በቅል ይዞ ሄደና ጎንበስ አለ።

«እታለም፣ ስሚኝማ…»

«ቡሉኮህ ያችን ሴት አሞቃት?» አለችው፣ ዓይኑን ሳታየው። «ወንድም ብዬ ነበር አንተን። ለእህቱ ጣውንት ልብስ የሚልክ!»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት የእንዳላማው ጫማ አጠገቡ ቆመ። «ምን ትሹካሹካላችሁ?» አለ። አንሙት ቅሉን ይዞ ወደ ቦታው ተመለሰ። 

በሠልስቱ ቀን አልቃሿ ዘሪቱ መጣች። የአገሩን ሙት ሁሉ የሸኘች፣ ሹም የማትፈራ አሮጊት ናት። ዳሱ መሃል ቆማ መቀነቷን አጠበቀች።

«በሉ የሟችን ሙያ ንገሩኝ። እኔ ባዶ ሙሾ አላወርድም።»

እንዳላማው ጉሮሮውን ጠረገ። «ደግ ገበሬ ነበር በይ። መንግሥት አክባሪ።»

«የቱን መንግሥት ጌታዬ?»

ከወንዶቹ መሃል አንዱ ሳል አስመስሎ ሳቀ። እንዳላማው ዞር ብሎ ያሳለውን ፈለገ።

ያን ጊዜ ማንጠግቦሽ ተናገረች። ድምፅዋ ሻክሯል። «ቡሉኮ ለጋሽ ነበር በይ እመት ዘሪቱ። ለሌላዋ አልብሶ፣ እኔ ዘንድ ለመሞት ብቻ የመጣ በይ። ይኸው ሙያው!»

 ዘሪቱም ግጥሙን ልትጀምር አፏን አዘጋጀች። አንሙት አሰበው፤ ይህ ቃል አንዴ በሙሾ ከወጣ አገር ያነሣዋል፤ በየለቅሶው ይዞራል፤ እህቱ እስክትሞት ድረስ የተከዳች ሴት ትባላለች፤ ፍሥሐም ከመቃብሩ ተነሥቶ አይመልስም።

ተነሣ። 

«ቡሉኮው የኔ ነው። የታንኳ ሸራ ነው የሆነው።»

«ቁጭ በል አንተ» አለ እንዳላማው።

አልተቀመጠም። ወንድሙንም አላየም፤ እህቱን ነው ያየው።

«ታንኳው ለሦስት ሰው ነው የታሰረ። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ አንቺ ከመሃል። ክብራን ለማደር ምቹ ነበር፤ ተወው፣ ሴት አያወጣማ። ዳጋንም ተወ። እንጦስ አድረን፣ ዘጌ ዳር አድረን፣ ደቅ እናቱ ቤት ልንገባ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ አንድ በአንድ ያጣመመው አንቺ የምትወርጂበትን ዳር ሲፈልግ ነው። ሌላ ሴት የለችም እታለም። ከቆላ ከነሕመሙ የመጣው ሊወስድሽ ነው።»

 እንዳላማው ዘገን ያደረገውን ንፍሮ ወደ ሰፌዱ መለሰና መዳፉን አራገፈ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ይለፍ ነበራችሁ?» አለ።

«አልነበረንም አያ።»

እንዳላማው ተነሥቶ ወጣ፤ ነፍጠኞቹም ተከተሉት። ኮረብታው ላይ ወዳለው የጣሊያን ምሽግ ሲያቀኑ ሁሉም በዓይኑ ሸኛቸው።

ጎረቤታቸው ቢተው አንሙትን በእጀ ጠባቡ ጎተተው። «ምን ትገተራለህ? ጥፋ እንጂ! ለበሩ የቀረብህ አንተ ነህ።»

እውነቱን ነው፤ ዕድሜ ልኩን የተናደደበት ያ የዝቅታ ቦታ ለአንድ ቀን ሊጠቅመው ነበር። ከዳሱ አፍ እስከ ወንዙ ገደል ድረስ ሰው የለም። አንሙት ወደ ገደሉ አየ፤ መልሶ እህቱን አየ። እህቱ ገና አላለቀሰችም። ጥሏት ቢሮጥ የተናገረው ሁሉ የሸሸ ሰው ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ተመልሶ ተቀመጠ።

«ደቅ…» አለች ማንጠግቦሽ። ቃሉ አልወጣ ብሏት ደገመችው። «ደቅ በየት በኩል ነው?»

አንሙት እጁን ዘርግቶ ከምሽጉ ኮረብታ ባሻገር አመለከታት።

ተነሣች። የብርጓል «ወዴት ነው?» ብላ ልትይዛት ስትሞክር እጇን አስለቀቀቻት። አጎዛውን ከምሰሶው ሥር ስባ አወጣችና ዳሱ ዳር ላይ አዞረችው፤ ጀርባዋን ለለቀስተኛው፣ ፊቷን ወደ ደቅ በኩል አድርጋ። ዘሪቱ ልትጀምር ያለችውን ዜማ ዋጠች። ማንጠግቦሽ አጎዛው መሃል ላይ እግሯን ሰብስባ ተቀመጠች፤ ግራና ቀኝ ጠርዙን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ትከሻዋም ቀስ እያለ ይናወጥ ጀመር።