የጋቢናዋ ጣውንት

«ወደ ቀኝ ታጠፍ» አለችው ሴትየዋ በዐረብኛ።

«ግራውን ያዝ» አለችው ሰውዳ በአማርኛ።

አኑዋር ፒክአፑን መሐል መንገድ ላይ ገትሮ አንዴ ወደ መስታወቱ፣ አንዴ ወደ ሚስቱ ተመለከተ። ከኋላው ባጃጆች ጡሩንባቸውን አምባረቁበት።

«አሁን ከሁለታችሁ ለየትኛችሁ ልታዘዝ?»

«ለቀደመችው ነዋ! እሷ ዛሬ ጧት ነው የመጣች። እኔ ከቤድፎርዱ መኪና ዘመን ጀምሮ እዚሁ ነኝ።»

«ሴትየዋ» የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈች፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ጂፒኤስ ናት። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ሙዘይን ነው «ከተማውን ዞራችሁ ሞክሯት፤ ካልተመቸቻችሁ ሌላም አለኝ» ብሎ ያዋሳቸው። አኑዋር ዕድሜውን በመንገድ የጨረሰ ሾፌር ነው። ሆኖም ካርቱም በየጊዜው አዲስ ድልድይና አዲስ ማዞሪያ ታወጣለች፤ ሐሙስ ደግሞ በርበሬና ሽሮ ጭኖ ዴም ሰፈር ላሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ማድረስ አለበት። ለሰውዳ የነገራት ምክንያት ይኸው ነበር። ሰውዳ ግን ነገሩን ጣውንት እንደመጣባት ነው የቆጠረችው፤ ያውም ጋቢና ድረስ ዘልቃ የገባች፣ ያውም ዐረብኛዋ እንደ ቁርኣን ቤት ሸህ የጠራ ጣውንት።

«ግራ አልሁህ እኮ! ከእህል ማከማቻው፣ ከሳይሎው ጎን ያለውን ሜዳ አቋርጠን እንወጣለን። ስንት ጊዜ የወጣንበት መንገድ አይደል?»

አኑዋር ግራውን ያዘ። መሣሪያዋ ትንሽ ጸጥ ካለች በኋላ አዲስ መንገድ እየፈለገች መሆኗን ተናገረች።

«ፈልጊ እንግዲህ!» አለቻት ሰውዳ፣ በተጎናጸፈችው ቶብ ጫፍ አፏን ሸፍና እየሳቀች። «ገዳሪፍን ገና ትማሪያታለሽ።»

ፒክአፑ ጥቂት ሄደና ቀስ ብሎ ቆመ።

«ምነው ቆምህ?»

አኑዋር የእጅ ፍሬኑን ሳበ።

«ንዳው እንጂ፣ ሜዳው እኮ ነው።»

«ሰውዳ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግንብ ነው።»

«የቱ?»

«ፊታችን ያለው።»

ሰውዳ ወደፊት ጎንበስ አለች። የከሰዓቱ ፀሐይ ፊት ለፊት ነበር፤ ለእሷ የሚታያት ወተት የፈሰሰበት የሚመስል ነጭ ብርሃን ብቻ ነው። ሜዳውን ከዓምናው ክረምት ወዲህ አንድ ነጋዴ አጥሮት፣ አጥሩን አዲስ ኖራ ቀብቶታል። የፒክአፑ አፍንጫ ግንቡን ሊነካ አንድ ክንድ አይቀረውም። እሷ ደግሞ ሳቋ እንኳ ከፊቷ ገና አልጠፋም ነበር።

«እባክህ ወደ ኋላ ተመለስ» አለች መሣሪያዋ። ማንም አልሳቀም።

ሰውዳ እጆቿን ጭኗ ላይ ሰበሰበች። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ እየጋረዳቸው መምጣቱን ካወቀች ሰንብታለች። የመንገዱን ጉድጓድና ጉብታ በወገቧ ስለምታውቀው፣ ገበያውን በሽታው ስለምትለየው፣ እስከዛሬ ተደብቃ ኖራ ነበር። ቢያንስ ተደብቄያለሁ ብላ ነበር።

«መቼ ነው ያወቅህ?»

«ባለፈው ካርቱም፣ ድልድዩ ጋ። ‹ግባ› ስትይኝ የመኪና መዓት የመጣብን ጊዜ።»

«ከተማው ተለውጦ ነው ብዬህ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር። እኔም እሺ ብዬሽ ነበር።» አኑዋር መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ለምን ደበቅሽኝ፣ ሰውዳ?»

«ነግሬህ እቤት ልቅርልህ?»

አኑዋር ወደ ግንቡ እያየ መለሰላት።

«ሐሙስ እረፊ። እህትሽ ባሕሪያ ዘንድ ትሰነብቻለሽ። ሰሌዳውን በአንቺ ፈንታ ይህች ታንብብልኝ፤ ለዚህ ብዬ ነው እንጂ ለእኔማ መሣሪያ ምን ያደርግልኛል?»

«እሺ በላ» አለች ሰውዳ። «ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው አሉ።»

አኑዋር መኪናውን ወደ ኋላ መለሰና ወደ ሙዘይን ሱቅ አቀና። ሰውዳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ደመቅ ያለ ነገር ብቻ ውልብ ይልባታል። የቀረውን ከትዝታዋ ትሞላዋለች፤ ትዝታዋ ደግሞ ሞልቶ የተረፈ ነው።

ሲጋቡ አኑዋር ከጭልጋ የመጣ ጉልበታም ሾፌር ነበር፤ ከአማርኛ ፊደል ጥቂት ለቀም ለቀም አድርጓል፣ የዐረብኛ ጽሑፍ ግን ቢያዞሩትም ቢገለብጡትም አይገባውም። ሰውዳ የድንበር ከተማዋ የገላባት ባለሱቅ ልጅ ናት፤ ቁርኣን ቤት ተቀምጣ ዐረብኛ ማንበብ የቀራች። በየኬላው የተጻፈውን፣ በየመገንጠያው የቆመውን ሰሌዳ የምታነብለት እሷ ነበረች። እሱ እጅ፣ እሷ ዓይን ሆነው ዘመናቸውን ተጓዙ።

የመጀመሪያው ጉዟቸው በክረምት ነበር። ያኔ ከገላባት ገዳሪፍ አስፋልት የሚባል የለም፤ ዝናብ ሲጥል ያ ጥቁር ዋልካ እንኳን መኪና ጫማም አይለቅ። ሽንኩርት በጫነ ቤድፎርድ ሲማስኑ ውለው፣ ወደ ማታ ላይ ያ ግዙፉ የእህል ማከማቻ፣ ሰዉ ሳይሎ የሚለው፣ ከሩቅ ብቅ አለ። ሙሽራዋ ሰውዳ በደስታ ከመቀመጫዋ ተነሥታ «ደረስን!» ብላ ጮኸች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አፏን ሳትዘጋ ቤድፎርዱ እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ትራክተር እስኪመጣላቸው ሳይሎውን እያዩ፣ የሰው ሽንኩርት በደረቅ ዳቦ እየበሉ፣ እየተጣሉና እየታረቁ እዚያው ሰነበቱ።

«አፍሽ ነው የያዘን!» አላት አኑዋር።

ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣ። ሞተሩ ጠፍቶ ጸጥ ሳይል «ደረስን» አይባልም። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ቃሉን የምትለው ሰውዳ ብቻ ናት። እሷ «ደረስን» ትላለች፣ አኑዋር «አልሐምዱሊላህ» ይልና ቁልፉን ይነቅላል፤ ያለዚያ እግሩ መሬት አይነካም። ፖሊስ እያጣደፈው እንኳ ቃሉን ሳይሰማ ወርዶ አያውቅም።

ኋላ አስፋልቱ መጣ። ተመስገን ነው፤ መንገዱ አጠረ፣ ጎማ ተረፈ። ግን ደግሞ ሽንኩርት የበላንበት ያሉት ቦታ፣ ልጃቸው ዳሊያ ሕፃን ሆና እሪ ብላ ያለቀሰችበት ዛፍ፣ ሁሉም በመስኮት በኩል እየተፈተለኩ የሚያልፉ ሆኑ። ዳሊያም አደገች፣ አግብታ ካርቱም ገባች። ሰውዳን የናፈቃት ጭቃው አልነበረም። አንድ ሰው ከጎኗ ተቀምጦ «አሁን የት ነን?» እያለ የሚጠይቃት፣ እሷም የምትነግረው መሆኗ ነበር። ይህም ሐሙስ ዕለት ሊያልቅ ነው።

ሱቁ ሲደርሱ አኑዋር ቁልፉ ላይ እጁን አድርጎ ጠበቀ። ሰውዳ ድምፅዋ ሻክሮ «ደረስን» አለችው፤ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወረደ።

ሙዘይን ወላጆቹ ከጎንደር መጥተው ገዳሪፍ የወለዱት ጎልማሳ ነው። ሰውዳን እንደ ሱዳን ልጆች «ኻልቲ» ይላታል፤ አክስቴ ማለቱ ነው፤ አኑዋርን ደግሞ «ዓሚ»፣ አጎቴ።

«እህ፣ ዓሚ አኑዋር፣ እንዴት ሆነች? ኩወይሳ? ደኅና ናት?»

«ጎበዝ ናት፣ አልበደለችኝም። ግን ‹ከሦስት መቶ ሜትር በኋላ› ትላለች። ሦስት መቶ ሜትር ምን ያህል ነው? እሱን ሳስብ መታጠፊያው ያልፈኛል።»

ሙዘይን ጎማ የለበሰች ወፍራም መሣሪያ አወጣ። «ይቺ የፋሽጋ ባለሰሊጦች መሬት የሚለኩባት ናት። በረሃ ብትገቡ ዛፉንም ጉድጓዱንም ምልክት ትይዝላችኋለች። መናገር ግን አትናገርም።»

«ካልተናገረች ማን ያነብ...» ብሎ አኑዋር ቃሉን ዋጠው። ሰውዳ ሰምታዋለች።

ሙዘይን ትንሽ አሰበና ከመደርደሪያው ሥር አንዲት ያገለገለች አነሣ፤ ጠርዟ ተሸርፏል። «ይቺን ደግሞ ከጅዳ የተመለሰ ሰው ነው የሸጠልኝ። የከተማውንም የገጠሩንም መንገድ ታውቃለች። ሙሽኪላዋ አሮጌ መሆኗ ነው። ግን አንድ ነገር አላት፤ የፈለጋችሁትን ሰው ድምፅ ትቀዳለች። ቀኝ ግራ የሚለውን አንድ ጊዜ ከነገሯት፣ በዚያው ሰው ድምፅ ነው የምትመራ።»

«በአማርኛም?»

«በፈለጉት፣ ያ ዓሚ። የሰማችውን ነው መልሳ የምትል።»

የአኑዋር ፊት በራ። «ሰማሽ፣ ሰውዳ? አንቺው ትነግሪኛለሽ! እቤትሽ ተቀምጠሽ አብረሽኝ ትሄጃለሽ!»

በእውነተኛ ደስታ ነው የተናገረው። ሰውዳ ግን ከንግግሩ ሁሉ «እቤትሽ ተቀምጠሽ» የሚለውን ብቻ ሰማች። ቢሆንም እምቢ አላለችም። በሌላ ሴት ድምፅ ከሚመራ በእሷ ይሻላል። በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ቶቧን አስተካከለች።

«ቀኝ» አለ ሙዘይን።

«ቀኝህን ያዝ።»

«ግራ።»

«ግራህን ያዝ።»

«ገና ሩቅ ሲሆንስ? ኪሎ ሜትሩን መናገር አለባት።»

«ገና ነው፣ ወሬህን ጨርስ።»

ሙዘይን ሳቀ። «ሲቀርብስ?»

«እግርህን አንሣ፣ ቅርብ ነው።»

«መንገድ ስቶ መመለስ ሲኖርበትስ?»

«ዙር! ነግሬህ አልነበር?»

አኑዋር ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰውዳም ሳትወድ ፈገግ አለች። ሙዘይን ዓይኑን ጠርጎ የመጨረሻውን አዘጋጀ።

«አሁን አንዲት ብቻ ቀረች፣ ኻልቲ። ‹ደረስህ› ይበሉ።»

ሰውዳ አፏን ከፈተች። ቃሉ ግን አልወጣም አለ። ይህን ሁሉ ዘመን በዚያ መንገድ ስትመላለስ «ደረስህ» ብላ አታውቅም። «ደረስን» ነው የምታውቀው። «ደረስህ» የሚለው ስንቅ ሰጥቶ እቤት የቀረ ሰው ነው፤ በስልክ «ደረስህ ወይ?» የሚል።

«ይችን ዝለላት።»

«ያ ኻልቲ፣ ይቺ ከሌለችማ ሲደርሱ ዝም ነው የምትል።»

«ዝም ትበል።»

ሙዘይን ግራ ገብቶት አኑዋርን አየው። አኑዋር መሬት መሬቱን እያየ ነበር። «እንዳለችህ አድርግ፤ ይችኑ ነው የምንወስድ» አለና ሒሳቡን ከፈለ።

ወደ ቤታቸው፣ እዚያው ገዳሪፍ ወዳለው ዴም ኑር ሲመለሱ አዲሲቷ መሣሪያ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ በሰውዳ ድምፅ ትመራ ጀመር። «ቀኝህን ያዝ» ትላለች፤ አኑዋር ይይዛል። ባለድምፅዋ ሰውዳ ግን ከጎኑ እንደ እንግዳ ዝም ብላ ተቀምጣለች። የገዛ ድምፅዋ ቦታዋን ሲወስድባት መስማት እንዴት ያለ ነገር ነው! ጣውንትስ ሌላ ብትሆን ይሻል ነበር።

ከበራቸው ፊት አኑዋር ሞተሩን አጠፋ። መሣሪያዋ ዝም አለች። እሱም እጁን ቁልፉ ላይ አድርጎ ጠበቀ።

ሰውዳ ምንም አላለችም።

ዝናብ ያረገዘው ሙቀት ጋቢናውን ሞላው። የአኑዋር ግንባር ላይ ላብ መንጠባጠብ ጀመረ።

«ሰውዳ።»

«አቤት።»

«በይ እንጂ።»

«ምን ልበል?»

«እያወቅሽ።»

«ገና አልደረስንም።»

አኑዋር የምትቀልድበት መስሎት ሳቀ። ቀልድ አለመሆኑን ሲያይ ሳቁን አቆመ። የበሩን እጀታ ያዘ፤ የሚከለክለው ማንም አልነበረም። ከዚያ እጁን ከእጀታው ላይ አንሥቶ ወደ ቁልፉ መለሰ።

«ሐሙስ አብሬህ ነው የምሄድ» አለች ሰውዳ፣ ወደፊት እያየች። «ማንበቡን ይቺ ታንብብልህ፤ አልቀናባትም። ለዓይኔም ዳሊያ ሐኪም ፈልጋ ትጠብቀን። አንተ አጠገቤ ቆመህ ነው የምታከም።»

«መንገዱ ያደክምሻል።»

«እኔን የሚያደክመኝ እቤት መቅረት ነው።»

«ካላየሽ ጋቢና ተቀምጠሽ ምን ልትሆኚ?» አኑዋር ይህን ያላት ሊያስከፋት አልነበረም፤ የእውነት ጨንቆት ነው።

«አሁን እዚህ ቁጭ ብለህ የምትጠብቅ ማንን ነው?»

አኑዋር ወደ መሣሪያዋ አየ፤ ትንሿ መስኮቷ በርታ ዝም ብላለች። ከኪሱ ስልኩን አወጣና ቁጥር ነካ።

«ዳሊያ? ሰላም ነሽ፣ ልጄ? ጥሩ የዓይን ሐኪም ፈልጊልን። አዎ፣ ለእናትሽ። ሐሙስ እንመጣለን። አይ... አይደለም፣ ብቻዬን አይደለም። ሁለታችንም ነን።»

ስልኩን ዘጋና እጁን ወደ ቁልፉ መለሰ።

ሰውዳ ቶቧን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። አልቸኮለችም፤ ትንሽ አስጠበቀችው።

«ደረስን» አለች።

«አልሐምዱሊላህ» አለ አኑዋር፣ ቁልፉንም ነቀለ።