ከስድስት አምስት

ሥራዬ ባሩድ መፈተሽ ነው፤ ሕንድ አገር፣ ሲቫካሲ ከተማ፣ ርችት ፋብሪካ። ቁንጥር ባሩድ ሻካራ የሸክላ ሳህን ላይ አደርጋለሁ፣ የሸክላ ዘንግ በክብደት ይጫነዋል፣ ማሽኑ ሳህኑን ይጎትተዋል። ዝም ካለ ያልፋል። ከተንጣጣ ይወድቃል።

ርችት የሚተኮስበት የዲዋሊ በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው የመጣው አረንጓዴ ባሩድ፣ በትንሹ ክብደት እንኳ ከስድስት ሙከራ አምስቴ ተንጣጣ። ውጤቱን ይዤ ባለቤቱ ጉናሴካራን ዘንድ ሮጥኩ።

«ጌታዬ፣ ይሄ በእጅ አይነካም። መወገድ አለበት።»

ወረቀቱን አላየውም። «እናትሽ ዛሬ የት ናት?»

«ማሸጊያ ክፍል።»

«አረንጓዴውን እሷ ትንፋ» አለው አጠገቡ የቆመውን የሠራተኞች አለቃ። ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። «ከፈራሽላት ሂጂ አውጫት። ከወጣች ግን ወደ ሥራ አትመለስም። እህትሽም አብራት ትባረራለች።»

ስለ ሥራቸው ሳመነታ ዘግይቼ ወንፊት ክፍሉ ስደርስ እናቴ ቬላማል በሩ አጠገብ ተቀምጣ ባሩዱን በወንፊት ትነፋለች።

«አማ፣ ተነሺ! ሳህኑ ላይ ተንጣጥቷል!»

«ሳህንሽን እዚያው!» አለች። አብረዋት የሚነፉት ሁለት ጓደኞቿ ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት በዚህ እጄ ነፍቻለሁ። ሁለት ፊደል ቆጠርኩ ብለሽ ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?»

ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። በጥፊ አጮለችኝ። ወጣሁ።

ግቢውን ሳልሻገር ከኋላዬ ፍንዳታው ነጎደ።

ሁለቱ ሴቶች እዚያው ቀሩ። እናቴ ተረፈች፤ ሐኪሞቹ ግን ሁለቱንም እጆቿን ከአንጓው ቆረጧቸው።

በሦስተኛው ቀን ጉናሴካራን የመንግሥት ተቆጣጣሪ አስከትሎ ሆስፒታል መጣ።

«የብረት ማንኪያ ይዛ ገብታ ነው» አለ። «ብልጭታ ያነሳል እያልን ስንቴ ከልክለናል መሰለህ! አይደለም እንዴ ቬላማል?»

ወንፊት ክፍሉ ውስጥ ብረት የሚባል አልነበረም። እናቴ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች «አዎ፣ ይዤ ነበር» አለች።

የፈተናው ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር። አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ፦

«ፔቺ፣ ዝም በይ። እህትሽ ሰኞ ሥራ ገቢ ናት።»

ተቆጣጣሪው ቀና ሳይል መጻፉን ቀጠለ። ሲወጡ ወረቀቱን ቀደድኩት።

ሰኞ እህቴን አዲሱ ወንፊት ክፍል አስገቧት። እሷ ከምትነፋው ባሩድ ለእኔ ቁንጥር መጣልኝ። ፈተሽኩት፤ ዝም አለ። አላመንኩትም። ባሩዱ እስኪያልቅ ደጋገምኩት። አለቃው በሩን ተደግፎ ይስቅብኛል።

«ምነው እጅሽ ተንቀጠቀጠ? አለሽ አይደል እንዴ፣ ሁለቱም!»