የኤምሊን ጋዝ አፍንጫ

ግሌኒስ ፕሮሰር እሑድ ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ቧንቧውን ስትከፍት እጇን የነካው ውሃ በረዶ ነበር። ወጥ ቤት ወርዳ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቦይለር ብታየው ድምፁም መብራቱም ጠፍቷል። ራዲያተሩን ዳበሰችው፤ እሱም ቀዝቅዟል። ቤቱን የሚያሞቀውም የገላ ውሃ የሚያፈላውም ያው አንድ፣ በቧንቧ በሚመጣ ጋዝ የሚሠራ ኮምቢ ቦይለር ነውና፣ እሱ ሲሞት ሁለቱም አብረው ሞቱ። ጊዜው ኅዳር ነው። በሮንዳ ሸለቆ የኅዳር ዝናብ መጀመር እንጂ ማቆም አያውቅበትም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ካፖርቷን ደርባ ትችለው ነበር። አሁን ግን ልጇ ነሪስ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ታቅፋ ሆስፒታል ናት። ዓርብ ይወጣሉ ተብሏል፤ የሚገቡትም እዚሁ ነው። ነርሷ ግሌኒስን ኮሪደር ላይ አስቁማ፣ "ወይዘሮ ፕሮሰር፣ ብርድ እንዳይነካው አደራ" ብላታለች። ግሌኒስ ይህን አደራ ሌት ተቀን ተሸክማው ነው የምትዞረው።

ማንን እንደምትጠራ ማሰብ እንኳ አላስፈለጋትም። በዚያ ሸለቆ የአባት ስም ጥቂት፣ ሰዉ ብዙ ስለሆነ ሁሉም በሥራው ይጠራል። ፖስታ አዳይ የነበረው ሟች ባሏ ሃወል ፖስታ ይባል ነበር፤ የሞቱ ማስታወቂያ "ሃወል ፕሮሰር" ብሎ ቢወጣ መንደሩ ማን እንደሞተ ግራ ገብቶት ነበር የዋለው። የባሏ ታናሽ ወንድም ደግሞ ኤምሊን ጋዝ ነው። የጎዳናውን ቦይለሮች ከዳር እስከ ዳር የሰቀላቸው እሱ ነው፤ አሁን የሞተባትን ቦይለር ጭምር። ዕድሜው ቢገፋም የሥራ ፈቃዱ ገና አላለፈበትም፤ ሰው ከጠራውም ይሠራል።

ሳይውል ሳያድር መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ የቦይለሩን ክዳን ከፈተና እንደ ሐኪም አንገቱን ነቀነቀ።

"በቃው፣ ግሌኒስዬ። አገልግሏል፤ ነፍሱን ይማር። ሐሙስ አዲስ እሰቅልልሻለሁ፤ ትልቁን፣ ከነሙሉ ጉልበቱ።"

"ትልቁ ያስፈልገኛል?"

"ሕፃን እየመጣ አይደለም እንዴ? የሃወል የልጅ ልጅ እኮ ነው! ሌላ ሰው እዚህ ግድግዳ ላይ እጁን ቢያሳርፍ ወንድሜ ከመቃብር ተነሥቶ ይቆጣኛል።" ሳቀና የአፍንጫውን ጫፍ በጣቱ መታ መታ አደረገ። "የጋዝ መለኪያ ለጀማሪ ነው። የኔ መለኪያ ይቺ ናት። ዕድሜዬን ሙሉ ጋዝ አምልጧት አያውቅም።"

ግሌኒስ ሻይ ቀዳች። ያንን ሳምንት ሆስፒታል ስለከረመች ወተቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከመቼ ጀምሮ እንደተቀመጠ ልብ አላለችም። ኤምሊን ኩባያውን አንስቶ ፉት አለ፤ ደገመና፣ "እንዳንቺ ሻይ የሚያውቅ የለም" አለ። እሷም የራሷን ወደ አፏ ስታስጠጋ ሽታው ገፍትሮ መለሳት። ወተቱ ከተበላሸ ሰንብቷል። ለአፍንጫ ቀርቶ ለዓይን የሚከብድ ነበር፤ ከላይ ትንንሽ ፍርፋሪ ሠርቶ ይንሳፈፋል።

ቀና ብላ አየችው። ኤምሊን ኩባያውን አጋምሶ ስለ ቧንቧ ያወራል።

ክው አለች። የሃወል ቀብር ዕለት የጸሎት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ድስት አርሮ ሴቶቹ ሁሉ እያሳሉ ሲወጡ፣ ኤምሊን እዚያው በር አጠገብ ተቀምጦ ኬኩን ሲበላ ነበር። ያኔ ኀዘን ነው ብላ አልፋዋለች። ኀዘን አልነበረም። የኤምሊን አፍንጫ ሞታለች።

አሁን፣ "ኤምሊን፣ ተወው፤ ወተቱ ተበላሽቷል" ማለት ነበረባት። ቃሉ ከአፏ አልወጣ አለ። ይህን ካለች አፍንጫው መሞቷን፣ ከጋዝ ሥራም መውጣት እንዳለበት ፊት ለፊት መንገሯ ነው። የዚያ አገር ሰው ሰውን ከማሳፈር መርዝ ቢጠጣ ይሻለዋል፤ ግሌኒስም የዚያው አገር ሰው ናትና የራሷን ኩባያ አንስታ እስከ አተላው ጨለጠችው። ዕንባዋ በዓይኗ ሞላ።

"ታዲያ ሐሙስ ልምጣ?" አላት።

"እስቲ ትንሽ ላስብበት፣ ኤምሊን።"

በሸለቆው "ላስብበት" ማለት እምቢ ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቀዋል።

"ምኑን ነው የምታስቢበት?" አለ ኤምሊን ቀስ ብሎ። ግሌኒስ ኩባያዎቹን መሰብሰብ ስትጀምር ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ሰኞ ከቦይለር ሻጭ ኩባንያ የመጣው ሰው ሱፍ የለበሰ ነበር። ቦይለሩን ከበሩ ሆኖ አየት አደረገና፣ ዛሬውኑ ከፈረመች ትልቁን በቅናሽ እንደሚያስገባላት ነገራት። "ቧንቧውን እንኳ ሳትከፍት?" ብትለው፣ "ትልቁን ከወሰዱ ምን መክፈት ያስፈልጋል?" አላት። ሻይ ሳይቀርብለት ተሸኘ፤ በዚያ መንደር ከዚህ የባሰ ስድብ የለም።

ማክሰኞ የመጣችው የጋዝ ባለሙያ ከፖንቲፕሪድ ከተማ ናት፤ ታንወን የምትባል አጭር፣ ፈርጠም ያለች ሴት። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። የጓዳውን ቧንቧ ከፍታ ውሃው ባልዲ እስኪሞላ በትዕግሥት ጠበቀች፤ ራዲያተሮቹን አንድ በአንድ እየዳበሰች ዞረች፤ ሕፃኑ የት እንደሚተኛ ጠየቀች። ከወጥ ቤቱ በላይ ባለው ክፍል መሆኑን ስትሰማ ጣሪያውን ቀና ብላ አየችው።

"አንድ መታጠቢያ ነው ያለዎት። መካከለኛው ይበቃዎታል፤ ትልቁ ትርፍ ጋዝ መብላት ነው" አለች። ከዚያ የመዳብ ቧንቧዎቹን በጣቷ ተከትላ ሄደች። "ይህን የሠራው ማነው? እጁ ይባረክ! እንዲህ ቀጥ ያለ ሥራ አሁን አይታይም።"

"የባለቤቴ ወንድም ነው።"

"ታዲያ ለምን እሱ አይሠራልዎትም?"

ግሌኒስ አቀረቀረች። "ደክሟል" አለች፤ ውሸትም እውነትም ያልሆነ መልስ። ሻይ ቀዳችላት፣ በአዲስ ወተት። ሐሙስ እንድትመጣም ተስማሙ። ለኤምሊን ግን አልነገረችውም። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ስልኩን እያነሳች መልሳ አስቀመጠችው።

ሐሙስ የታንወን ቫን በሩ ላይ ቆሞ ዋለ፤ በዚያ ጠባብ ጎዳና ቫን መደበቅ ደግሞ አይቻልም። ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ኤምሊን የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ዝናብ ላይ ቆሟል።

"ለማየት ነው" አለ። "ለማየት ብቻ።"

አዲሱ ቦይለር ተሰቅሏል፤ ገና አልበራም። ታንወን ከማጠቢያው ሥር ተንበርክካ መለኪያዋን አፍጥጣ ታያለች። ኤምሊንን ስታይ ፊቷ በራ።

"ኤምሊን ጋዝ እርስዎ ነዎት? እኔን ያስተማሩኝ ሰው ስለ እርስዎ ሥራ ሲያወሩ አይጠግቡም ነበር። በሰዓቱ ደረሱልኝ! የጋዙ ግፊት ትንሽ ይወርዳል፤ የሚያመልጠው ከነዚህ ከሁለቱ አሮጌ መጋጠሚያዎች ከአንዱ ነው። እስቲ አፍንጫዎን ያውሱኝ።"

ከማክበሯ ነበር እንዲህ ያለችው። ግሌኒስን በር ላይ እንደቆመች ጋዙ ሸተታት፤ ቀጭን ነው፣ ግን ይሸታል። ኤምሊን ጉልበቱን ይዞ እየቃተተ ተንበረከከና ፊቱን ወደ መጋጠሚያው አስጠጋ። አንደኛው ላይ ቆየ። ሁለተኛው ላይም ቆየ። ሽታው መሐል ሆኖ ፊቱ ላይ ምንም አልታየም። ከሁለቱ አንዱን በግምት ቢጠቁም ማንም አያውቅበትም ነበር።

"አይሸተኝም" አለ።

ታንወን ፈገግ አለች። "ትንሽ ነው፤ እኔንም..."

"አይደለም፣ ልጄ። ጭራሽ አይሸተኝም። ከወንድሜ ሞት በፊት ጀምሮ።"

ኤምሊን ሳይነሳ ፊቱን ወደ ግሌኒስ አዞረ።

"እሑድ ወተቱ ተበላሽቶ ነበር፣ አይደል?"

"እንዴት አወቅህ?"

"ስትጠጪው ፊትሽን አየሁት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አንቺስ ለምን ጠጣሽው?"

ኤምሊን ጣሪያውን፣ ሕፃኑ የሚተኛበትን ክፍል፣ ቀና ብሎ አየ። "እሺ ብለሽኝ ቢሆን ኖሮ ሰቅዬው እሄድ ነበር፣ ግሌኒስ። እንደ ልማዴ አሽትቼ፣ ደህና ነው ብዬ።" "ባለፈው ታኅሣሥ የጎረቤትሽን የብሮንወንን ቦይለር እንዲያ አድርጌ ነው የሠራሁት። መለኪያ አላወጣሁም። ከዚያም ሌሎች አሉ።"

ግሌኒስ የብሮንወንን ቤት በመስኮቱ አየችው። ከመንገዱ ማዶ ነው፤ መስኮቶቹ በብርድ ምክንያት ግጥም ተደርገው ተዘግተዋል።

ታንወን መቁረጫዋን አነሳች። ሁለቱንም አሮጌ መጋጠሚያዎች ቆርጣ በአዲስ ተካች፤ መለኪያው ባለበት ጸንቶ እስኪቆም ጠበቀች፤ ቦይለሩን አበራችው። ሰማያዊዋ ነበልባል ስትያዝ ኤምሊን አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ቦርሳውን ከፍቶ የራሱን መለኪያ ከጨርቁ አወጣና ለታንወን ሰጣት።

"ከዚህ በኋላ ለኔ ምን ያደርግልኛል? አብረሽኝ ነይ። ሁሉንም ቤት አሳይሻለሁ።"

መንገዱን ሲሻገሩ ግሌኒስ ደጃፏ ላይ ቆማ በዓይኗ ተከተለቻቸው። ኤምሊን አንኳኳ። ብሮንወን ሹራቧን ደርባ ከፈተች።

"ኤምሊን ጋዝ! በዚህ ዝናብ ምን እግር ጣለህ?"

ዝናቡ እየወረደበት ባርኔጣውን አወለቀ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም፤ ጎዳናው ሁሉ እንዲሰማ የፈለገ ይመስል ነበር።

"ኤምሊን በይኝ ብቻ። ጋዝ እሷ ናት። የኔን ሥራ ልትፈትሽ ነው፤ አስገቢያት።"

ብሮንወን አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጅቷን አየችና ከበሩ ዘወር አለች። ታንወን ገባች። ኤምሊን ውጭ ቀረ፣ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ።

ከግሌኒስ ኋላ ቤቱ መሞቅ ጀምሮ ነበር። እሷ ግን እሱ እስኪመለስ ድረስ በሩን አልዘጋችም።