አባ ይቅር የሚባለው ስም

ሸሚዝ ላይ ቁልፍ የምትተክለው ልጅ አጎት ለሠላሳ ዓመት የስፌት ፋብሪካው ዋና ቆራጭ ነበሩ። መቀስ ሲይዙ እጃቸው ንቅንቅ አይልም። አዲስ ነገር ሲሰሙ ግን ነገሩ ሳያልቅ ጭንቅላታቸው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የምሳ ሰዓት ይቀየር ሲባል ‹‹ይቅር››፤ ሴት የፈረቃ ኃላፊ ትሁን ሲባል ‹‹ይቅር››፤ መስኮት ይከፈት ሲባል እንኳ መጀመሪያ ‹‹ይቅር›› ብለው፣ ላብ ሲያጠምቃቸው ራሳቸው ሄደው ይከፍቱታል። ክፋት አልነበረባቸውም። እህታቸው ስትሞት ልጇን ያሳደጉት፣ በኋላም ፋብሪካ ያስገቧት እሳቸው ናቸው።

ልጅቷ ደግሞ ቀኑን ቁልፍ ስትተክል ውላ ከሥራ ስትመለስ የተጣለ የንድፍ ወረቀት ጀርባ ላይ ትጽፋለች። የሬዲዮ ጣቢያው የአሥር ደቂቃ አስቂኝ ድራማ እንደሚፈልግ ስትሰማ አንድ ሰውዬ ፈጠረች። ስሙን አባ ይቅር አለችው። በመጀመሪያው ክፍል የሰፈሩ ሰው ቧንቧ ሊያስገባ ይሰበሰባል። አባ ይቅር ተነስቶ፣ ውሃ ደጃፍ ድረስ ከመጣ ሰው መራመድ ይረሳል ብሎ ይሟገታል። ቧንቧው የገባ ቀን ግን ከሁሉ ቀድሞ ባልዲውን ሥሩ የደቀነው እሱ ነው። ጣቢያው ወደደላት። እሷም ስሟ እንዳይነገር ለመነች።

ድራማው ቅዳሜ ከሰዓት ይተላለፋል። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ቃሉ ከሬዲዮው ወጥቶ መንገድ ላይ መሄድ ጀመረ። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ተማሪ ጓደኛዋን ‹‹አባቴማ አባ ይቅር ነው፣ አይፈቅድልኝም›› ስትላት ልጅቷ ሰማች። ጋዜጣ ላይ ‹‹የከተማችን አባ ይቅሮች›› የሚል ርዕስ ወጣ፤ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል ያለ አልነበረም። በአንድ ስብሰባ ላይ የቆመ ተናጋሪማ ስለ ‹‹አባይቅርነት›› ግማሽ ሰዓት አወራ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ እሷ እንኳ ልመልሰው ብትል የማይሆን ነገር ሆኖ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚስቁት አጎቷ ነበሩ። ሬዲዮውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። ሰውዬው ቁርጥ የፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው ብለው ስለነበር፣ ሰኞ ጠዋት ክር ሊወስዱ ሲሄዱ ‹‹እንደምን አደርክ አባ ይቅር›› ይሉታል። የግምጃ ቤቱ ሰው ክሩን ቆጥሮ ይሰጣቸዋል። እሷ ቁልፏ ላይ ታቀረቅራለች።

አንድ ቀን ፋብሪካው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመቁረጫ ማሽን ሊገዛ መሆኑ በስብሰባ ተነገረ። አጎቷ ተነሱ። በመቀስ ያልተቆረጠ ሸሚዝ ሸሚዝ እንደማይባል አስረዱና ‹‹ስለዚህ ይቅር›› ብለው ተቀመጡ። ያኔ የግምጃ ቤቱ ሰው ከኋላ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ ‹‹እንግዲህ ዋናው አባ ይቅር እርስዎ ነዎት ማለት ነው›› አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አጎቷ ሜትራቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። በነጋታው ሥራ አልገቡም። ቀጥሎ ባለውም ቀን ቀሩ።

በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄደች። ሬዲዮው ተዘግቷል። ሻይ አፍልታ ሰጠቻቸውና ሳትቀመጥ ነገረቻቸው።

‹‹ጋሼ፣ ያንን ድራማ የምጽፈው እኔ ነኝ።››

ሻዩን ሳይቀምሱ አስቀመጡት። ‹‹የቧንቧውንም?››

‹‹እሱንም።››

‹‹ባልዲውን የደቀነበትን?››

‹‹አዎ።››

ከንፈራቸው ለሳቅ ሲከፈት አየችው፤ መልሰው ገጠሙት። ‹‹እኔ እንደዚያ ነኝ?››

መዋሸት ትችል ነበር። ‹‹አንዳንዴ ነዎት። ግን አባ ይቅር የእህቱን ልጅ አላሳደገም። የእርስዎን ሩቡን እንኳ አልጻፍኩትም›› አለቻቸው።

ሻያቸውን ጠጡ። ያመማቸው ስሙ እንዳልሆነ ነገሯት፤ ያሳፈራቸው ስንት ወር ሙሉ በሌላ ሰው ግንባር ላይ ሲለጥፉት ከርመው የራሳቸውን አለማየታቸው ነው። ማሽኑንም የጠሉት ስለሚያበላሽ አይደለም፤ እሱ ከመጣ ለእጄ ምን ሥራ ይቀረዋል ብለው ፈርተው ነው። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

‹‹ከፈለጉ ድራማውን አቆመዋለሁ›› አለቻቸው።

አፋቸውን ‹‹ይ...›› ብለው ከፈቱና ቃሉን መሃል ላይ ገቱት። ሁለቱም ተያዩ፤ ከዚያ ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። ‹‹አታቁሚው›› አሏት በመጨረሻ፤ ‹‹ብቻ መቀስ ስታስይዢው አስተካክለሽ አስይዢው። ባለፈው ሳምንት ድምፁን ስሰማው ማንኪያ ያስያዝሽው ነው የሚመስለው።››

በነጋታው ሥራ ገቡ። በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። የግምጃ ቤቱ ሰው መጀመሪያ ኮስተር አለ፣ ኋላ ወንበር ሳበላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአሥር ሰዓት ሻይ አብረው ነው የሚጠጡት፤ ሌላው ሠራተኛ ‹‹ሁለቱ አባ ይቅሮች›› ይላቸዋል፣ አይቆጡም። ማሽኑም መጣ። አርባ የተደራረበ ጨርቅ በአንዴ ሲቆርጥ አጎቷ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ‹‹አይከፋም›› አሉ። ኮሌታ ግን ማሽኑን እስኪለምዱ ሁለት ዓመት በእጃቸው ቆረጡ። የለመዱ ጊዜ ሌሎቹን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ድራማው ሦስት ዓመት ቆይቶ ጊዜውን ሌላ ዝግጅት ወሰደው። ቃሉ ግን ቀረ። በቅርቡ አጎትና የእህት ልጅ ገበያ ወጥተው ሳለ፣ አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ በስልክ መክፈል አይሆንም ያለውን ጎረቤቷን ‹‹ኧረ ተው፣ አባ ይቅር አትሁን›› ስትለው ሰሙ። እሱም ቃሉ ከየት እንደመጣ ጠየቃት። ሴትየዋ ሳታመነታ የአያት የቅድመ አያት አባባል ነው አለችው። አጎቷ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ልጅቷ ክንዳቸውን ያዝ አደረገቻቸው። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት አስመዝነው፣ ነጋዴዋን አመስግነው፣ እየተሳሳቁ ወደ ቤት ሄዱ።