ደገፋ ያልመደባት ሴት

አሰለፈች ሳቋ ሲያመልጣት አፏን በእጇ አፈነች። ልቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ያላት ዘግይታ ነው። አጠገቧ የተቀመጠችው ከሪማ ደግሞ ለማፈንም አልደረሰች፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች። ያሳቃቸው ሟቹ ነው።

ደገፋ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ወባ በስድስት ቀን የወሰደችው፣ በአዳማ ጣቢያ ለባቡሩ ውሃ የሚሞላ ጎረቤታችን ነው። ባቡር ከጅቡቲም ይምጣ ከአዲስ አበባ፣ አዳማ ላይ ውሃ ሳይጠጣ አያልፍም፤ እስኪጠግብም ግማሽ ሰዓት ይቆማል። ደገፋ ቱቦውን ይዞ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ በዚያች ግማሽ ሰዓት ተሳፋሪውን ሲያይ አሥራ አራት ዓመት ኖረ። አይቶ አይቶም የሰው ልጅ አራት ዓይነት ነው ብሎ ደመደመ።

አንደኛው አልወርድም ባይ ነው፤ ውሃ የሌለው ባቡር ጥሎኝ ይሄዳል ብሎ ከመቀመጫው የማይነሳ። ሁለተኛው ጠያቂ ነው፤ ወርዶ "ሞላ?" ይላል፣ ዞር ብሎ ተመልሶ "አሁንስ?" ይላል። ሦስተኛው ገበያተኛ ነው፤ በአንዲት ብርቱካን ሲከራከር ፊሽካው ይነፋና ያለ ብርቱካን ሮጦ ይሳፈራል። አራተኛው አዛዥ ነው፤ ውሃ እንዴት እንደሚሞላ ለደገፋ የሚያስተምር። "ከነዚህ የሚያመልጥ የለም" ይለን ነበር፤ "ባቡር አይቶ የማያውቅም ቢሆን፣ ቄስም ቢሆን፣ ፈረንጅም ቢሆን።"

ሰፈሩን አንድ ሳያስቀር መድቦናል። በጣቢያው በር ሻይ የምትሸጠው ከሪማ አዛዥ ናት፤ ይህንን እሷም አትክድም፣ ድንኳኑ የተተከለው በእሷ ትእዛዝ ነው። አሰለፈች አልወርድም ባይ ናት። ሲነግራት ተቆጥታ፣ እንዲያውም ሞጆ ደርሼ እመለሳለሁ ብላ ተሳፈረች። ሞጆ ላይ "ቢንቀሳቀስስ?" ስትል፣ ስታመነታ፣ ሳትወርድ ቢሾፍቱ ደረሰች። ከሪማ በልቅሶው መሀል ያስታወሰችው ይህንን ነው።

የጣቢያው ጸሐፊ ጋዜጣ ሲያነብለትም ደገፋ መንግሥታቱን ሳይቀር ይመድብ ነበር። ታላላቆቹ አገሮች ለዓለም ሰላም ተሰብስበው መከሩ ሲባል ሰምቶ፣ "ሁሉም ጠያቂ ነው፤ ውሃ የሚሞላ አንድም የለበት" አለ። አምና አውሮፕላን በሰማያችን ሲያልፍ እኛ እልል ስንል እሱ ተከዘ። መንገድ ላይ የማይቆም ከሆነ ሰው በምን ሊታወቅ ነው ብሎ እህል አልቀምስ አለ። ይኸው ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል አምስት ቀን ቀርቶት፣ የውጭ እንግዶችን የጫነው ባቡር በላይ በላዩ እየመጣ ነው። ላባ የሰካውና ኒሻን የደረደረው ሁሉ አዳማ ላይ እየቆመ፣ ሳይመደብ ያልፋል። ለቀስተኛው የሚቆጨው ይኸ ነበር።

በዚህ ሁሉ ወሬ ያልሳቀች አንዲት ሴት ናት፤ ባለቤቱ ዘርፉ። አለመሳቋስ ደንብ ነው። ግን አላለቀሰችምም። ከቀብሩ ጀምሮ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም።

የሟቹ እኅት ደራርቱ ከአርሲ በኩል መጥታ ሁለት ቀን ይህንኑ ስትጠብቅ ቆይታ፣ በመጨረሻ ወደ አሰለፈች ጆሮ ጠጋ አለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነገ በሰልስቱ የሚመጣው ዘመድ የሚለውን ፈርታ ነው።

"ወንድሜ ሚስቱ ያላለቀሰችለት ሊባል ነው" አለች።

አሰለፈች ከተቀመጠች መነሳት አይሆንላትም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ተነስታ ዘርፉ አጠገብ ሄደች። ምን ሆነሽ ነው አለቻት።

"ሁላችሁን መድቧችኋል" አለች ዘርፉ ቀስ ብላ፤ "እኔን ምን እንዳለኝ ሳይነግረኝ ሄደ።"

እውነቷን ነው። ዘርፉ አዳማ የቀረችው በዚያችው ግማሽ ሰዓት ነው። ከአጎቷ ጋር ድሬዳዋ ስትሄድ ባቡሩ ቆመ፤ ወረደች። አልጠየቀች፣ አልተከራከረች፣ አላዘዘች፤ የደገፋ ቱቦ ሲያፈስ አይታ ከመቀነቷ ቀድዳ ማሰር ጀመረች። አስራ ሳትጨርስ ባቡሩ ሄደ። ጓዟ በሁለተኛው ቀን ተመለሰላት፤ እሷ ግን ወደ አጎቷ አልሄደችም። ከዚያ ወዲህ እራት ላይ "እኔስ ከየትኞቹ ነኝ?" ትለዋለች፤ እሱም እያላመጠ "ቆይ" ይላታል። ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠው እንኳ ጠየቀችው። ያንኑ ቆይ አላት።

"ቆይ አለኝና እሱ ሳይቆይ ሄደ" አለች ዘርፉ። "እንዴት ላልቅስለት? ምን አድርጎ ሲያየኝ እንደኖረ አላውቅም እኮ።"

ነገሩ በድንኳኑ ተሰማና ሰፈሩ በአንድ አፍ ሊመድባት ተነሳ። ከሪማ እንደኔው አዛዥ ናት አለች። ዘርፉ ማንን አዝዛ ታውቃለች ተባለና ወደቀ። ደራርቱ አሥራ ሦስት ዓመት ስለጠየቀች ጠያቂ ናት አለች፤ ይህኛው ጥቂት ደጋፊ አገኘ፤ ግን ዘርፉ ጠያቂ መባሏን ስትሰማ ፊቷ ይብስ ጠቆረ። ገበያተኛ እንዳትባል ሻጭ ሁሉ የጠራውን ከፍላ ነው የምትሄደው። ንፍሮው አለቀ፣ ለቀስተኛውም ተበተነ፣ ዘርፉም ሳትመደብ አደረች።

በሰልስቱ ቀን ረፋድ ላይ ራህመቶ ደረሰ። የሞጆው ጨው ነጋዴ ነው፤ የደገፋ የልብ ወዳጅ። ተራው ባቡር ለእንግዶቹ መንገድ ልቀቅ ተብሎ ስለታገደ ሁለት ቀን ሞጆ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከድንኳኑ ደጃፍ "ወንድሜን፣ ወንድሜን" እያለ ገብቶ፣ የሚገባውን ያህል አልቅሶ፣ ተቀመጠ። እንባውን ጠርጎ ሳይጨርስ ዘርፉ ያቺኑ ጥያቄ ጠየቀችው።

ራህመቶ ወደ ሰዉ አየ፤ ወደ መሬት አየ። እንዳይናገር የተነገረው ነገር እንዳለ ከፊቱ ይነበባል።

"አደራ ብሎኝ ነበር፣ እቴ" አለ። "ይቅር ይበለኝ። አንድ ቀን ውሃ ሲሞላ፣ 'ሁላችንን መደብከን፤ የቤትህን ሴት የት አደረግሃት?' አልኩት። 'ዝም በል' አለኝ። 'ሰው የሚመደበው ታይቶ ሲያበቃ ነው። እሷ አንድ ቦታ መች ትቆማለች? ጠዋት ያየኋት ማታ ሌላ ናት። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ አይቼ አልጨረስኳትም። እንዳትነግራት ታዲያ፤ መደብ እንደሌላት ካወቀች ማን ይችላታል' አለኝ።"

ከሪማ እንኳ የምታዘው አጣች። መጀመሪያ ድምፅ ያሰማችው ዘርፉ ነበረች፤ ሳቀች፤ አጭር፣ እራት ላይ የምትስቀውን የመሰለ ሳቅ።

ከዚያ ተነሳች። ሐዘንተኛ ከድንኳን አይወጣም፤ ደራርቱ ልትይዛት ስትል አሰለፈች የደራርቱን ቀሚስ ይዛ አስቀመጠቻት። ዘርፉ የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ወደሚታይበት ወደ ደጃፉ ሄደች። ሦስት ቀን ፊቷን የሸፈነበትን ነጠላ ወደ ትከሻዋ አወረደች። ፊቷን ወደ መቃብሩ በኩል አዞረች፤ እጆቿን ወደ ጎን ለቀቀች፤ ቀጥ ብላም አንድ ቦታ ቆመች።

እንባዋ መውረድ ሲጀምር፣ ለመጥረግ እንኳ አልተንቀሳቀሰችም።