ሆድ የሚሰውር ስፌት

ልብስ ሰፊዋ እጇ የተባረከ ነው፤ ይህን ጠላቷም አይክደውም። ቦርጭ ያስጨነቃት፣ ከሠርጓ በፊት ያረገዘች ሙሽራ ሁሉ አጠያይቃ ወደዚያች ጠባብ ሱቅ ትመጣለች። ከጡት ሥር ቆረጥ፣ ከጎን ሰብሰብ አድርጋ ጨርቁን ወደ ታች ስትለቀው ሆድ የሚባል ነገር ድራሹ ይጠፋል። ደንበኞቿ "አንቺ እኮ ዝሆን ቢያመጡልሽ ሚዳቋ አድርገሽ ትመልሻለሽ" ይሏታል። እሷም ትስቃለች።

ጉድ የሠራት ይኸው ሙያዋ ነው።

የወር አበባዋ እየበዛ ወንበር ሲያበላሽባት ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። ሐኪሟ ነገር የማታድበሰብስ ሴት ናት። "የማሕፀን እጢ ነው። ካንሰር አይደለም፣ ብዙ ሴት ላይ አለ። አሁን ትንሽ ስለሆነ እጢውን ብቻ አውጥተን ማሕፀንሽን እናተርፋለን፤ መውለድም ትችያለሽ" አለቻት።

ቀዶ ጥገና ሲባል ግን ትዝ ያለቻት የባሏ ታላቅ ወንድም ሚስት ናት። እሷም በዚሁ እጢ ሆዷን ተከፍታ፣ ዓመት ሳይሞላት ተፈታለች። "ማሕፀኗ የተነካ ሴት ምን ልትወልድ!" ያሉት ደግሞ አማቲቱ ናቸው። ሰፊዋ ባሏን ትወዳለች፤ ልጅም ልትወልድለት ትፈልጋለች። "መጀመሪያ ልውለድ፣ ከዚያ እታከማለሁ" አለችና አረፈች።

ልጁ አልመጣም፤ እጢው ግን አደገ። ሆዷ በገፋ ቁጥር ቀሚሷን ፈታ እንደገና ትሰፋዋለች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቢመጣም አድሮ ይሄዳል። መብራቱን አጥፍታ፣ እጁን ከሆዷ ላይ እያነሳች ታሳልፈዋለች። ወፈርሽ ሲላት "ተመችቶኝ ነዋ" ትለዋለች። ደሟ አልቆ ፊቷ አመድ መስሎ እንኳ ይህን ለማለት አላፈረችም።

በመጨረሻ የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳቀረቀረች ራሷን ሳተች።

"የት ከርመሽ ነው፣ እህቴ?" አለች ሐኪሟ። "የማሕፀንሽን ግድግዳ ሁሉ ወርሶታል። እጢውን እየለየሁ ላውጣ ብል ይህ ደምሽ አይችለውም፤ እጄ ላይ ትቀሪያለሽ። ያለን ምርጫ ማሕፀኑን ማውጣት ነው።"

ሰፊዋ አልተከራከረችም፤ ፈረመች። ለአማቷ "ደም አንሶኝ ነው የተኛሁት" ብላ አስነገረች።

የሆስፒታል ልብስ መቼም ሰፊ የነካው አይመስልም። ጨርቁ ሳስቶ፣ ማሰሪያው ተበጥሶ ሆዷ ላይ ልጥፍ ብሏል። አማቷ ከበሩ ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት ይህንኑ ሆድ ነው።

"ውይ በሞትኩት! አንቺ ተንኮለኛ፣ ከኔ ትደብቂያለሽ? ስንት ወሩ ነው?" አሉና መዳፋቸውን አሳረፉበት።

"ልጅ አይደለም" ልትል አፏን ከፈተች። አሮጊቷ ግን በሕይወታቸው እንደዚህ በፍቅር አይተዋት አያውቁም። እሷ ስታመነታ እሳቸው ለልጃቸው ሊደውሉ ስልካቸውን ይዘው ወደ ኮሪደሩ ወጡባት።

"እማማ!" አለች። ድምጿ ከአልጋው አላለፈም።

ሲመለሱ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ነበር። "እንኪ፣ አናግሪው። መኪናውን ዳር አቁሞ ያለቅሳል፣ የኔ ጅል።"

"እውነት ነው?" አለ ባሏ። "ምነው ደበቅሽኝ? እየመጣሁ ነው። ከነጭነቴ ነኝ፤ ቁልቁለቱ ብቻ ነው የቀረኝ።"

አልጋ የሚገፋው ሰውዬ መጣና ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ይገፋት ጀመር።

"ቀስ አድርገህ ግፋ እንጂ! ነፍሰ ጡር ናት እኮ!" ብለው አማቷ ጮኹበት። ሰውዬው ግራ ገብቶት ሰፊዋን አያት። እሷ ዓይኗን ከሱ አሸሸች። ለባሏ በስልኩ ልትነግረው ነበር፤ አሁኑኑ፣ እዚሁ። ከነጭነቱ የሚወርደው ቁልቁለት ታወሳት።

"ሰማሽኝ?" አለ ባሏ።

"ሰምቼሃለሁ" አለችው። "ቀስ ብለህ ንዳ።"

ስልኩን ለአማቷ መለሰችላቸው።