የወይዘሮ ማስረጃ አስተያየቶች

ፕሮግራመሩ ሚስቱን ሲያገባ አማቱ ኦዲተር መሆናቸውን ያውቅ ነበር። ያላወቀው፣ የሚሠራበት ትንሽ ድርጅት እሱ የሠራውን የኦዲት ሶፍትዌር ለገበያ ሲያቀርብ ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ የአማቱ መሥሪያ ቤት እንደሚሆን ነው። ሲሰማ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

«ቤተሰብ አይደሉ? እንከን ቢያገኙ እንኳ ሸፈን ያደርጉልኛል» አላት ለሚስቱ።

ሚስቱ እስኪያስላት ሳቀች። «እማዬ? እማዬ እኮ የትምህርት ቤት ካርዴን ከአስተማሪው መዝገብ ጋር ያመሳከረች ሴት ናት!»

እውነቷን ነበር። አማቱን በመሥሪያ ቤታቸው ሁሉም «ወይዘሮ ማስረጃ» ነው የሚላቸው። አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ናቸው። ውጭ እየዘነበ ነው ቢሏቸው እጃቸውን በመስኮት ሳያወጡ አያምኑም።

የመጀመሪያው አስተያየታቸው ሶፍትዌሩ በገባ በአራተኛው ቀን ደረሰ። «ለተከበሩ የሶፍትዌሩ አዘጋጅ» ይላል። «በመዝገብ ያለውና በአካል የተቆጠረው ዕቃ ሲለያይ ስክሪኑ በሙሉ ቀይ ሆኖ ‹ጉድለት!› ይላል። ትናንት አንዲት የዕቃ ቤት ኃላፊ ገና አንድ ጥያቄ ሳልጠይቃት አለቀሰች። እባክዎ፣ ባለጉዳዩ ቃሉን ሳይሰጥ ሶፍትዌርዎ እንዳይፈርድ ያድርጉልኝ። ከአክብሮት ጋር።»

ያ ቀይ የፕሮግራመሩ ኩራት ነበር። ከአሥራ አንድ ዓይነት ቀይ መርጦ ነው ያወጣው። ስለዚህ ብዙም ሳያስብ መለሰ፤ «ይህ ስህተት አይደለም። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።»

ከምሳ በፊት መልስ መጣ። «ሆን ተብሎ የተሠራ ስህተት በእኛ ሙያ ሌላ ስም አለው።»

ሥራ አስኪያጇ ይህን አትማ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጠፈችለት። ሳቅ የምትወድ ሴት ናት፤ ደንበኛ የጻፈውን ሁሉ እየለጠፈች ታስነብባለች። በሁለት ወር ውስጥ ከወይዘሮ ማስረጃ ብቻ ሠላሳ ወረቀት ተለጠፈ። ከሌሎቹ ደንበኞች ሁሉ የመጣው ተደምሮ ዘጠኝ ነው። የቢሮው ሰው ጠዋት ሲገባ ከሰላምታ በፊት «አማትህ ምን አሉ ዛሬ?» ማለት ለመደ።

እሁድ እሁድ ምሳ የሚበሉት አማቶቹ ቤት ነው። አንድ እሁድ አላስችል አለው።

«እማማ፣ ስለዚያ ስለ ቀዩ ነገር…»

«የቱ ቀይ?»

«የሶፍትዌሩ። የጻፉልኝ።»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ላንተ አልጻፍኩም። የጻፍኩት ለሶፍትዌሩ አዘጋጅ ነው።»

«አዘጋጁ እኮ እኔው ነኝ!»

«እንግዲያው ነገ ቢሮህ ስትገባ ታነበዋለህ። እዚህ የልጄ ባል ነህ። ሾርባህ ቀዘቀዘ፣ ብላ።»

በደብዳቤ «እርስዎ»፣ በማዕድ «አንተ»። ፕሮግራመሩ በየትኛው እንደሚከፋ ግራ ገባው። ጡረታ የወጡት የሚስቱ አባት ጠጋ ብለው በሹክሹክታ አጽናኑት። «አይዞህ ልጄ። እኔ እንኳ ላግባሽ ስላት ሁለት ምስክር አምጣ ብላኛለች።»

«ሦስት ነው» አሉ ወይዘሮ ማስረጃ ቀና ሳይሉ። «አንዱ አልመጣም።»

ሠላሳ አንደኛው አስተያየት ከሁሉም አጭር ነበር። «ሠላሳ ጊዜ ጽፌያለሁ። አንድ ቀን መጥተው ይዩ።» ሥራ አስኪያጇ ይህኛውን ግድግዳ ላይ አልለጠፈችውም፤ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ነገ ትሄዳለህ።»

«እኔ ፕሮግራመር ነኝ እንጂ…»

«አስተያየቱ ላንተ ነው የተጻፈው። አዘጋጁ አንተ አይደለህ?»

በማግስቱ አማቱን ተከትሎ የአንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ገባ። ወይዘሮ ማስረጃ በሩ ላይ ጨበጡትና «እንኳን ደህና መጡ፤ ወደ ኋላ ቆመው ይመልከቱ፤ ካልጠየቅኩዎ አይናገሩ» አሉት። ትናንት ማታ በስልክ «ሹራብ ደርበህ ና፣ ቦታው ይበርዳል» ያሉት እኚሁ ሴት ናቸው።

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ከሰው ይልቅ ከመደርደሪያ ጋር መኖር የለመደ የሚመስል ሰው ነው። መዝገቡ ሁለት መቶ አርባ ወንበር ይላል። ሲቆጠር ሁለት መቶ ሠላሳ ሰባት ሆነ። ወይዘሮ ማስረጃ ቁጥሩን ላፕቶፑ ላይ አስገቡ። ስክሪኑ ቀላ። ከዚያም እንደ አምቡላንስ ጮኸ። ድምፁን ባለፈው ወር የጨመረው ራሱ ፕሮግራመሩ ነበር።

ሰውየው እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ብድግ ብሎ ቆመ። እጁን ወደ ጠረጴዛው መሳቢያ ሰደደና መልሶ ሰበሰበው። ላብ ግንባሩን አጠመቀው። ፕሮግራመሩ ያን ቀይ ሺህ ጊዜ አይቶታል፤ ቀዩ ያረፈበትን ሰው ፊት ግን ያን ቀን ገና ማየቱ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ወይዘሮ ማስረጃ ላፕቶፑን ከደኑት። «ቁጭ ይበሉ ወንድሜ። እሱ ልማዱ ነው፤ ለእኔም ይጮህብኛል። እስኪ ስለ ወንበሮቹ ያጫውቱኝ። ከየት መጡ? ማን ይቀመጥባቸዋል?»

ሰውየው ቀስ በቀስ አንደበቱ ተፈታ። ሦስቱ ወንበር አጥሩ ማዶ ላለው ጤና ጣቢያ በውሰት ተሰጥቷል። ርእሰ መምህሩ የፈረመበት ደብዳቤ መሳቢያው ውስጥ አለ። «ልናገር ነበር እኮ፤ ሲጮህብኝ ጊዜ ግን እኔም የሰረቅኩ መሰለኝ» አለ።

ደብዳቤው ተነበበ። ለወይዘሮ ማስረጃ ግን ደብዳቤ ግማሽ መንገድ ነው። ተያይዘው ጤና ጣቢያው ሄዱ። ሦስቱ ወንበሮች ላይ ሦስት በሽተኞች ተቀምጠዋል። አማቱ ይቅርታ ጠይቀው አስነሷቸውና ወደ ፕሮግራመሩ ዞሩ። «መለያ ቁጥሩ ከሥሩ ነው የተጻፈው። ይገልብጡልኝ።» ገለበጠ። ጉንፋን የያዛቸው አንድ አዛውንት «ጎበዝ፣ እኔንም ገልብጠህ ታየኝ እንዴ?» ሲሉ ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። ቁጥሮቹ ትክክል ነበሩ።

ዕቃ ቤቱ ሲመለሱ ወይዘሮ ማስረጃ ላፕቶፑን ከፍተው ያዩትን መጻፍ ጀመሩ። ፕሮግራመሩ ካልጠየቅኩዎ አይናገሩ የተባለውን ረሳ።

«እማማ፣ እዚያ እኮ አድራሻ ነው የሚጻፈው!»

«እማማዎ እሁድ ናት» አሉ። «ሌላ የት ልጻፍ? ይህ ሶፍትዌር ‹ተገኘ› ወይም ‹አልተገኘም› ነው የሚለው። ወንበሩ ደግሞ ተገኝቷል፣ ግን እዚህ አይደለም። ከሁለት መስመር በላይ የሚያስጽፈው ቦታ አድራሻው ብቻ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ቢሮው ገብቶ ደንበኞች ፈቅደው የላኳቸውን ፋይሎች እየከፈተ አድራሻ አድራሻውን ማንበብ ያዘ። «ጣሪያው አፍስሶ አልጋዎቹ ወደ ላይኛው ፎቅ ተወስደዋል።» «ማተሚያው ጥገና ላይ ነው፤ ደረሰኙን አይቻለሁ።» «ቁምሳጥኑ አለ፤ በሩ ስለማያሳልፈው ሳይወጣ ግንብ ተሠርቶበታል።» የሁሉም ኦዲተር ሐቅ እዚያ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ተፋፍጎ ኖሯል። እሱና ባልደረቦቹ ደግሞ በስብሰባ ላይ «ተጠቃሚው አድራሻ መሙላት አይችልም» እያሉ ሲያሙ ከርመዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ከግድግዳው ላይ ሠላሳውንም ወረቀት አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረና እንደ አዲስ አነበባቸው። ሲያስተውል ሃያ ሁለቱ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ይናገር።

በወሩ አዲሱ እትም ወጣ። ቀዩ ጠፋ፤ በምትኩ በጥቁር ፊደል «ይጠየቅ» ይላል። ጩኸቱም ቀረ። ከሥሩ «የባለጉዳዩ ቃል» የሚል ሰፊ ቦታ ተከፈተ። ፕሮግራመሩ በጸጸት ብዛት ትንሽ አበዛው። ከመቶ ቃል በታች ከተጻፈበት ሶፍትዌሩ አላሳልፍም አለ። በሦስተኛው ቀን አስተያየት ጎረፈ። አንድ መጋዘን ጠባቂ ስለ ጠፋ መጥረጊያ መቶ ቃል ለመሙላት ሲል ከሚስቱ ወንድም ጋር ለምን እንደተኳረፈ ጽፎ ነበር። ይህን ያቀረበው ኦዲተር «ታሪኩ ልብ ይነካል፤ መጥረጊያው ግን አልተገኘም» ይላል። ፕሮግራመሩ በዚህ ጊዜ አልተከራከረም። ለሦስት ኦዲተሮች ደውሎ ጠየቀ፤ ያንኑ ቀን የመቶ ቃሉን ግዴታ አነሳው።

በዓመቱ ድርጅቱ ደንበኞቹን ሰብስቦ ሻይ ጋበዘ። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ማስረጃን ወደ መድረክ ጠራች። አማቱ መነጽራቸውን አደረጉ።

«አስቀድሜ አንድ ነገር ላስመዝግብ» አሉ። «ይህን ሶፍትዌር የሠራው የልጄ ባል ነው። ስለዚህ ላመሰግነው አልችልም፤ ገለልተኛ አይደለሽም እባላለሁ። መውቀስን ግን የሚከለክለኝ ደንብ አላገኘሁም። ፈልጌያለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው ሦስት ጉድለቶች ዘረዘሩ። ፕሮግራመሩ ከኋላ ወንበር ሆኖ ይጽፋል። ሚስቱ አጠገቡ ፊቱን እያየች ፈገግ ትላለች፤ ፊቱ እንደ ድሮው በርበሬ አልመሰለም። ሁለቱ ገብተውታል። ሦስተኛው ላይ ብዕሩ ቆመ። እጁን አወጣ።

«ሦስተኛው አልገባኝም። ቢያብራሩልኝ?»

ወይዘሮ ማስረጃ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ ቢጤ ብቅ ብሎ ተመለሰ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ። «ወደፊት ቀረብ ይበሉ፤ በምሳሌ አሳይዎታለሁ።»